ሁለቱ ወርቆች የት ሄዱ? ስለ ቤላ ባኮሺ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከአንዱ የስፖርት ወዳጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የሰነበተ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደርሶ አነበብኩት። አንዴ አንብቤ መተው አልሆነልኝም፤ ሦስቴ መለስኩት። ጽሑፉ ስማቸው ያለ አግባብ ይነሳል ከሚላቸው የድሮ አትሌቶች መካከል ሀንጋሪያዊውን የስሉስ ዝላይ (በአንድ ሩጫ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የሚዘለልበት ውድድር) ተወዳዳሪ ቤላ ባኮሺን ይመርጥና፣ የዚህ ሰው ዓለም አቀፍ የውድድር ዘመን ሲመዘን ከአማካይ አትሌት እንደማይበልጥ ይደመድማል። ክርክሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በሞስኮ ኦሊምፒክ 7ኛ ወጣ፤ በጣሪያ ሥር በሚካሄደው የአውሮፓ የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ወርቁን ያገኘው ታላላቆቹ ባልተሰለፉበት ነው፤ በአውሮፓ ሻምፒዮና አቴንስ ላይ ያገኘው ነሐስ ዕድል ነው፤ ሀንጋሪ ከሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የቀረችበት ቦይኮት ማመካኛ ነው፤ ሀንጋሪ የውርወራ እንጂ የዝላይ አገር አይደለችም፤ ስሉስ ዝላይ ራሱም ከጉልበት ይልቅ በዘዴ የሚሠራ፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ምንም የማይነግረን ጨዋታ ነው።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ለአትሌቲክስ ያላቸው ፍቅር ግን ከአጻጻፋቸው ይታያል፤ አከብረዋለሁ። እኔ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ከወንዝ ተጭኖ በመጣ አሸዋ ላይ ልጆች ሲዘሉ ሜትር ይዤ ስለካ ብዙ ዓመት አሳልፌያለሁ። ስለዚህ ይህን አንብቦ ዝም ማለት ከበደኝ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ትንሽ ነገር ላስቀድም። ጽሑፉ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች «ባኮሲ» እያለ ይጠራዋል። በስሙ ውስጥ ያለችው «s» የምትባለው ፊደል በሀንጋሪኛ «ሽ» ተብላ ነው የምትነበበው፤ ዋና ከተማቸውንም እነሱ ራሳቸው «ቡዳፔሽት» ነው የሚሏት። ስለዚህ ባኮሺ እንበለው። በ1957 በሰሜን ምሥራቅ ሀንጋሪ ኬሜቼ በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደ ሰው ነው።

ከሞስኮ ልጀምር። ጸሐፊው «7ኛ» የሚለውን ቁጥር አስቀምጠው አልፈዋል። ከፊቱ እነማን እንደነበሩ ግን አንድም ስም አልጻፉም። በ1980 በሌኒን ስታዲየም በተካሄደው ፍጻሜ ኢስቶኒያዊው ያክ ኡድሜ 17.35 ሜትር ዘልሎ ወርቁን ወሰደ። ሁለተኛ የወጣው ጆርጂያዊው ቪክቶር ሳኔየቭ ነው፤ በ1968፣ በ1972 እና በ1976 ሦስት ተከታታይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ፣ በዚያም ቀን በ34 ዓመቱ 17.24 የዘለለ። ሦስተኛው ብራዚላዊው ጆአኦ ካርሎስ ዴ ኦሊቬራ ነበር። ይህ ሰው በ1975 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ 17.89 ዘልሎ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘ ነው፤ ክብረ ወሰኑን እስከ 1985 ድረስ ማንም አልደረሰበትም። አራተኛ ብሪታኒያዊው ኪት ኮነር 16.87፣ አምስተኛ አውስትራሊያዊው ኢያን ካምቤል 16.72፣ ስድስተኛ ቡልጋሪያዊው አታናስ ቾቼቭ 16.56። ከዚያ የ23 ዓመቱ ባኮሺ በ16.47 ይከተላል።

የስሉስ ዝላይ ፍጻሜ እንዴት እንደሚካሄድ ለማያውቅ አንባቢ 7ኛ ከመጨረሻው አጠገብ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። በሞስኮ ማጣሪያውን ያለፉት ሁሉ መጀመሪያ ሦስት ሦስት ጊዜ ዘለሉ። ከዚያ ለተሻሉት 8 ብቻ ሌላ ሦስት ዕድል ተሰጣቸው፤ የቀሩት ዕቃቸውን ሰብስበው ወጡ። ባኮሺ ከተሻሉት 8 አንዱ ነበር።

ያ ፍጻሜ ደግሞ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው። ዴ ኦሊቬራና ካምቤል በድምሩ ከዘለሏቸው 12 ዝላዮች 9ኙ ውድቅ ተደርገዋል። ከካምቤል ረጅም ዝላዮች አንዱ የወደቀው፣ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚከተለው እግሩ መሬት ነክቷል ተብሎ ነው። በዚያ ዘመን ሕጉ ይህን ይከለክል ነበር፤ ኋላ ላይ ተሽሯል። ይህ የባኮሺን ደረጃ አይለውጥም፤ ሁለቱም ያለዚያም ከፊቱ ናቸው። የማነሳው ጸሐፊው የሞስኮን የውጤት ሰንጠረዥ የሰዎች ችሎታ ልክ አድርገው ስለወሰዱት ነው። የዓለም ባለ ክብረ ወሰኑ ሦስተኛ፣ የሦስት ጊዜው ባለ ወርቅ ሁለተኛ በወጡበት ቀን ሰንጠረዡን እንዲህ በጭፍን መውሰድ አይቻልም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ እውነት አላቸው፤ አልደብቀውም። ባኮሺ በሞስኮ የሚችለውን አልዘለለም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ 16.86 ዘልሎ ነበርና የሞስኮው ዝላይ በ39 ሳንቲ ሜትር ያንሳል። ያንኑ 16.86 ቢደግመው እንኳ ከኮነር በ1 ሳንቲ ሜትር አንሶ 5ኛ ነበር የሚወጣው እንጂ ሜዳሊያ አያገኝም። የሞስኮ ቀን የእሱ ቀን አልነበረችም። አንድ ቀን ግን የአንድ ሰው ሙሉ የውድድር ዘመን አይደለችም።

ከጽሑፉ ሁሉ ያሳዘነኝ የቤት ውስጥ ሻምፒዮናን የሚመለከተው ክፍል ነው። ጸሐፊው ባኮሺ «አንድ» የአውሮፓ የቤት ውስጥ ወርቅ እንዳለው ይጽፉና፣ እሱም ታላላቆቹ ለኦሊምፒክ ጉልበታቸውን ሲቆጥቡ የተለቀመ እንደሆነ ይነግሩናል። መጀመሪያ ቁጥሩ ስሕተት ነው። ወርቆቹ ሁለት ናቸው። አንዱ በ1980 በምዕራብ ጀርመኗ ዚንደልፊንገን በ16.86፣ ሌላው በ1982 በሚላን በ17.13 የተገኙ። ጽሑፉ የሚላኑን ጨርሶ አያነሳውም። 1982 ደግሞ ኦሊምፒክ የሌለበት ዓመት ነው፤ ለኦሊምፒክ የሚቆጠብ ጉልበት በዚያ ዓመት አልነበረም።

አሁን የአሸናፊዎቹን ዝርዝር አብረን እናንብብ፤ ትንሽ ቢረዝምም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከ1975 እስከ 1984 ይህ ሻምፒዮና በየዓመቱ፣ በድምሩ አሥር ጊዜ ተካሂዷል። በ1975፣ በ1976 እና በ1977 ሳኔየቭ አሸነፈ። በ1978 አናቶሊ ፒስኩሊን። በ1979 ጌናዲ ቫሉኬቪች። በ1980 ባኮሺ። በ1981 ሻሚል አብያሶቭ። በ1982 ባኮሺ። በ1983 ኒኮላይ ሙሲየንኮ። በ1984 ግሪጎሪ ዬሜትስ። ከአሥሩ ስምንቱን የወሰዱት ለሶቪየት ኅብረት የተሰለፉ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ የአንድ ሰው ናቸው፤ ያም ሰው ጸሐፊው አማካይ ያሉት ባኮሺ ነው።

ሶቪየት ኅብረት ስንል በዚህ ዘርፍ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። ከጆርጂያ፣ ከኢስቶኒያ፣ ከዩክሬን፣ ከቤላሩስ፣ ከሩሲያ የተመረጡ ዘላዮች በአንድ መለያ የሚሰለፉበት ቡድን ነበር። አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካል፤ ሳኔየቭ ሲቀመጥ ፒስኩሊን ይነሳል፣ ፒስኩሊን ሲያርፍ ቫሉኬቪች። ለእኛ ሰው ነገሩን በሩጫ ብናገረው ይቀላል። በአሥር ዓመት ውስጥ ከተካሄዱ አሥር የ10,000 ሜትር ሻምፒዮናዎች ስምንቱን ኢትዮጵያውያን እየተፈራረቁ ወሰዱ እንበል፤ የቀሩትን ሁለቱን 10 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ካላት አገር የመጣ አንድ ሰው፣ በሁለት የተለያዩ ዓመታት፣ እኛኑ አሸንፎ ወሰደ። ያንን ሰው አማካይ ሯጭ የሚለው ኢትዮጵያዊ ይኖራል? እኔ በበኩሌ ስሙን ለልጆቼ አስተምረው ነበር።

በሁለቱ ወርቆቹ መካከል ያለው 1981ም የሚነግረን ነገር አለ። በዚያ ዓመት ግሬኖብል ላይ አብያሶቭ ያሸነፈው 17.30 ዘልሎ ነው። የሻምፒዮናው ደረጃ እዚያ ድረስ ከፍ ባለበት ማግሥት ነው ባኮሺ ወደ ሚላን ሄዶ ዘውዱን የመለሰው። ጸሐፊው የአንድ ወቅት ዕድለኛ አድርገው ሳሉት። ዕድል በሁለት ዓመት ልዩነት፣ በሁለት አገር፣ በተሻለ ርቀት አይደገምም።

የቤት ውስጥ ዝላይ ከሜዳው ያነሰ ነው የሚለው አስተያየት ራሱ ከየት እንደመጣ አይገባኝም። በሜዳ ላይ ከኋላ የሚገፋ ነፋስ በሰከንድ እስከ 2 ሜትር ድረስ ቢነፍስ ዝላዩ ለክብረ ወሰን ይቆጠራል። ያ ነፋስ ለዘላዩ እርዳታ ነው፤ ዘላዮች ቆመው ባንዲራውን እያዩ የሚጠብቁት በከንቱ አይደለም። በጣሪያ ሥር ነፋስ የለም። በሚላን የተዘለለው 17.13 ከማንም ምንም ያልተበደረ ርቀት ነው። ፖላንዳዊው ዩዜፍ ሽሚት በ1960 በሜዳ ላይ 17.03 ዘልሎ የ17 ሜትርን ድንበር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሻገር ዓለም ተገርሞ ነበር።

አሜሪካውያንና ዴ ኦሊቬራ በዚህ ሻምፒዮና አልነበሩም፤ ልክ ነው፣ የአውሮፓ ሻምፒዮና ነውና። ነገር ግን በ1980 እና በ1982 ከኦሊምፒክ ውጭ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሚባል የስሉስ ዝላይ መድረክ አልነበረም። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው በ1983 ሄልሲንኪ ላይ ነው። ዛሬ በየሁለት ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮና ማየት የለመደ ሰው ያን ዘመን በዛሬው መነጽር አይቶ «የዓለም ሜዳሊያ የለውም» ሲል፣ ያልተገነባ ቤት አልገባህም ብሎ መውቀሱ ነው።

ወደ አቴንስ እንሂድ፤ እዚህ ብዙ አልቆይም። በ1982ቱ የአውሮፓ ሻምፒዮና ኪት ኮነር 17.29፣ ሶቪየታዊው ቫሲሊ ግሪሽቼንኮቭ 17.15፣ ባኮሺ 17.04 ዘለሉ። ከብሩ ያነሰው በ11 ሳንቲ ሜትር፣ በግማሽ ስንዝር ነው። ከወርቁ በ25፣ ከአንድ ስንዝር ብዙም በማይርቅ። ሦስቱም ከ17 ሜትር በላይ በዘለሉበት ፍጻሜ 17.04 ዘልሎ ያገኘውን ሜዳሊያ ዕድል ማለት እንዴት ይቻላል? ዕድል የሚባለው ሌላው ሲወድቅ ነው። እዚያ ፊቱ የቆሙት ሁለቱ አልወደቁም፤ እሱም አልወደቀም። በአንድ ዓመት ውስጥ በሚላን ወርቅ፣ በአቴንስ ነሐስ፣ ሁለቱም ከ17 በላይ። በ1982 በአውሮፓ ከእሱ የተሻሉ ዘላዮችን ልቁጠር ብል ከአንድ እጅ ጣቶች ብዙ የሚተርፈኝ ይመስለኛል።

አሁን ቦይኮቱ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ከባድ ቃል ተጠቅመዋል፤ የ1984ን መቅረት የሚያነሱ ሰዎች ለደካማ አትሌት ማመካኛ የሚፈልጉ ናቸው ብለዋል። በግንቦት 1984 ሶቪየት ኅብረት ወደ ሎስ አንጀለስ እንደማትሄድ ስታስታውቅ ሀንጋሪም ተከተለች። ውሳኔው የመንግሥታት ነው። የ26 ወይም የ27 ዓመት ዘላይ፣ ጉልበቱ ከችሎታው ጋር በተገናኘበት ዕድሜ፣ በሩ ተዘጋበት። ይህ የሆነ ነገር ነው እንጂ ማመካኛ አይደለም።

በዚያ ባልሄደበት ውድድር ምን ሆነ? አሜሪካዊው አል ጆይነር በ17.26 አሸነፈ፣ ማይክ ኮንሌይ በ17.18 ተከተለ፣ ነሐሱን ኪት ኮነር በ16.87 ወሰደ። 16.87 የሚለውን ቁጥር ከላይ አንብበነዋል። ያው ኮነር በሞስኮ ያው 16.87 ዘልሎ 4ኛ ወጥቶ ባዶ እጁን ነበር የተመለሰው። አንድ ሰው፣ አንድ ርቀት፣ በአራት ዓመት ልዩነት፤ አንዴ ባዶ እጅ፣ አንዴ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ። ልዩነቱ ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚለው ብቻ ነው። ባኮሺ ቢሄድ ኖሮ ሜዳሊያ ያገኝ ነበር አልልም። የአቴንሱ 17.04 ሁለት ዓመት የቀደመ ነው፤ ዘላይ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ይሆናል። ሞስኮም ብትሆን አሜሪካውያን የቀሩባት ናት። የምለው የኦሊምፒክ ሜዳሊያን ብቸኛ ሚዛን ያደረገ ሰው ኮነርን በ1980 አማካይ፣ በ1984 ታላቅ ሊለው ይገደዳል፤ በሁለቱም ቀን ግን የዘለለው እኩል ነው።

ደግሞስ ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ነበረብኝ? ሎስ አንጀለስ እኛም አልሄድንም። ሴኡልም አልሄድንም። በ1976 ሞንትሪያል ላይ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ራሳችንን ስናገልል፣ ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር በሙኒክ የጀመረውን የሚጨርስበት መድረክ አጣ። አራት ዓመት ታግሦ በሞስኮ 5,000 እና 10,000ን አሸነፈ፤ ባኮሺ 7ኛ በወጣበት በዚያው ኦሊምፒክ፣ በዚያው ስታዲየም። ምሩፅ በ1980 ባይሳካለት ኖሮ የሞንትሪያልን ነገር ስናነሳ ማመካኛ ፈለግን እንባል ነበር?

በላይነህ ዴንሳሞንም ላንሳ። በሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ፤ ክብረ ወሰኑም አሥር ዓመት ቆየ። በዚያው ዓመት የኦሊምፒክ ማራቶን በሴኡል ተካሄደ፣ ኢትዮጵያ አልነበረችም። በላይነህ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የለውም። በጸሐፊው ሚዛን ብናስቀምጠው በላይነህም አማካይ ይሆናል። ጸሐፊው ይህን እንደማይሉ አምናለሁ። እንግዲያው ለራሳችን ሰው የምንለውጠውን ሚዛን በሀንጋሪው ሰው ላይ ለምን እናጠብቀዋለን? ይህን ስጽፍ ልቤ ይሞቃል፤ በመንግሥታት ውሳኔ ቤታቸው የቀሩ አትሌቶችን ዝም ብለን በ«ሜዳሊያ የለውም» ስንቀብራቸው፣ አንዴ የተበደሉትን ሁለተኛ እየበደልናቸው ነው።

ሀንጋሪ የውርወራ አገር ናት የሚለውን በደስታ እቀበላለሁ። ኢምሬ ኔሜት በ1948 በመዶሻ ውርወራ ወርቅ አገኘ፤ ልጁ ሚክሎሽ በ1976 ጦሩን 94.58 ሜትር ወርውሮ በዓለም ክብረ ወሰን ወርቅ ወሰደ። በመካከላቸው በ1968 ጁላ ዚቮትስኪ በመዶሻ አሸነፈ። ግን የዝላይ አገር አይደለችም? በ1936 በርሊን ላይ የሴቶች ከፍታ ዝላይን ያሸነፈችው ሀንጋሪያዊቷ ኢቦያ ቻክ ናት። የሴቶች ርዝመት ዝላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ሲካሄድ፣ በ1948 ለንደን፣ ወርቁን የወሰደችው ኦልጋ ጃርማቲም ሀንጋሪያዊት ናት። የውርወራው ዝና ሰፊ ስለሆነ ዝላዩ አልታየ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፣ አገሩ በሌላ ነገር መታወቋ የአንድን ሰው 17.13 ሜትር ወደ 16 አያወርደውም።

ስሉስ ዝላይ ከጉልበት ይልቅ ዘዴ ነው በሚለው ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የእንጀራዬ ነገር ነው። ልጆቻችን «ሰኞ ማክሰኞ» ሲጫወቱ በአንድ እግር እንጣጥ ይላሉ። ስሉስ ዝላይም እዚያው ይጀምራል፦ በአንዱ እግር ተነስቶ በዚያው እግር ማረፍ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እግር መራመድ፣ ከዚያ አሸዋው ውስጥ መዝለል። እንጣጥ፣ እርምጃ፣ ዝላይ። አባባሉ ቀላል ነው። ታላላቆቹ ግን ረግጠው ወደሚነሱበት ሰሌዳ የሚደርሱት በሰከንድ ወደ 10 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። በዚያ ፍጥነት 6 ሜትር ያህል በአየር ተጉዘው በአንድ እግር ያርፋሉ፤ እግሩ መሬት ላይ የሚቆየው ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ላነሰ ጊዜ ነው፤ በዚያች ቅጽበት እግሩ የሚሸከመው ጫና ከሰውነት ክብደት ከ10 እጥፍ በላይ ይሆናል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለቅጽበት ከ750 ኪሎ በላይ በአንድ ጉልበት ይሸከማል ማለት ነው። ከዚያ ጫና ተነስቶ ሌላ 5 ሜትር መጓዝ፣ ከዚያ እንደገና 6 ሜትር። ይህን ዘዴ ብቻ የሚል ሰው አንዴ እንኳ ሞክሮት አያውቅም።

ጀማሪ ተማሪዎቼ ሁሉ አንድ ዓይነት ስሕተት ይሠራሉ። የመጀመሪያዋን እንጣጥ እስከሚችሉት ያርቋታል፤ ደስ ይላቸዋል፤ ከዚያ ሁለተኛዋ እርምጃ ትሞትባቸዋለች፣ እግራቸው ይተጣጠፍና አሸዋው ጫፍ ላይ ይወድቃሉ። መማር ማለት የመጀመሪያዋን መቆጠብ ነው፤ ለሁለተኛዋና ለሦስተኛዋ ፍጥነት ማስተረፍ። በዓለም ላይ የሶቪየት ዘላዮች እንጣጧን ከፍ አድርገው፣ ፖላንዳውያኑ እነ ሽሚት ደግሞ ዝቅ አድርገው ፍጥነታቸውን እየጠበቁ ሲዘሉ አሠልጣኞች ለዓመታት ተከራክረዋል። ስለዚህ ዘዴ አለው፤ ጸሐፊው እዚያ ላይ አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት ዘዴውን ከጉልበቱ ነጥለው ማየታቸው ላይ ነው። 17 ሜትር ላይ ሁለቱ አይነጣጠሉም፤ አንዱ ከጎደለ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይበላሻል።

ለእኛ ምን ይነግረናል ለሚለው የመጨረሻ ጥያቄ መልሴ አጭር ነው። በነሐሴ 2023 የዓለም ሻምፒዮና በባኮሺ አገር በቡዳፔስት ተካሂዷል። ጉዳፍ ፀጋይ፣ ለተሰንበት ግደይና እጅጋየሁ ታዬ በ10,000 ሜትር ከአንድ እስከ ሦስት ተከታትለው ሲገቡ ሁላችንም ተቃቅፈን ጮኸናል። ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው ስታዲየም የወንዶች ስሉስ ዝላይን በ17.64 ያሸነፈው ከቡርኪና ፋሶ የመጣው ሁጌስ ፋብሪስ ዛንጎ ነው፤ ለአገሩ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ። አፍሪካዊ ነው፣ አገሩም ሀብታም አይደለችም። ይህ ዘርፍ የሌሎች ነው ብለን በር የምንዘጋው ማን አዘዘን ብለን ነው?

ጽሑፉን ያነበብኩ ሰሞን ለተማሪዎቼ የሚላንን ቁጥር ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ሜትሩን ይዘን ወደ ሜዳችን ወጣን። የእኛ መነሻ ሰሌዳ ለልጆች ስለሆነ ከአሸዋው 9 ሜትር ብቻ ይርቃል፤ የአሸዋው ጉድጓድ ርዝመት 6 ሜትር ነው። አንዷ ተማሪ የሜትሩን ጫፍ ሰሌዳው ላይ ረግጣ ያዘች፣ ሌላው እየተረተረ ሄደ። አሸዋው አልቆ፣ የጉድጓዱ ግንብ አልፎ፣ 17.13 ሣሩ ላይ አረፈ። ልጁ እዚያው ቆሞ ወደ ሰሌዳው ዞር ብሎ አየና፣ «ጋሽ፣ አንድ ሰው ነው ይሄን የዘለለው?» አለኝ። አንድ ሰው ነው አልኩት፤ ስሙ ቤላ ባኮሺ ይባላል።